ደመና ላይ የተከራየነው ቦታ

መስከረም 28

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለአባባ መመኪያ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህም ሥራህም እንደምመኝልህ ይሁን። እኛ ተመስገን ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቆጣሉ። ፎቶ ቤቱም እንደ ድሮው ነው። ለመታወቂያ የሚነሳ አይጠፋም፤ ደስ ብሎት የሚነሳ ግን ጠፍቷል፣ ሰው ሁሉ ደስታውን በስልኩ ያነሳል።

በስልክ የማልነግርህን ለምን በኢሜይል ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። ስልኩ ሲጮህ አባባ ወንበራቸውን ጎትተው ይመጣሉ፣ "ድምፁን ክፈቺው" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የእኔና የአንተ ወሬ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ብቻ ይሆናል። የሆዴን የማወጣው እዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ ይኸውልህ። አባባ በአርባ ዓመት ያነሷቸውን ኔጌቲቮች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ አንተ በኢንተርኔት በተከራየህልን፣ ደመና በሚሉት የክላውድ ዲስክ ላይ እንዳስቀምጥ አምና ነገርከኝ። እኔም እንዳልከኝ ሳስቀምጥ ከረምኩ። ትናንት ግን ዲስኩ ሞላሁ አለ። አምስት መቶ ጊጋው አለቀ። ገና ያልተነኩ ካርቶኖች አሉ፣ ከታች ያሉት ደግሞ እርጥበት እየነካቸው ነው። እባክህ አስጨምርልን።

አንድ ነገር ደግሞ ካልነገርኩህ ሆዴ ያብጣል። አባባ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ጋ እየገቡ "ልጄ ደመና ላይ ቦታ ገዛልኝ" ብለው ለሚላጨው ሁሉ ያወራሉ። ፀጉር አስተካካዩም ነገር ይወዳልና "ካርታ ወጣለት ወይ?" ይላቸዋል። እሳቸው አይናደዱም፤ "የልጄ ነው፣ ካርታ አያስፈልገውም" ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። አቧራውን የማራግፈው፣ ጓንት አጥልቄ ከስካነሩ ፊት ወገቤ እስኪቆረጥ የምጎነበሰው እኔ ነኝ። የእኔ ስም አይነሳም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል ነበር። የአባባ ላም ግን ሰማይ ላይ ሆና ትመሰገናለች፣ አላቢዋ እዚህ ጎንብሳ ትውላለች። ቀንተሽ ነው ካልከኝ አዎ፣ ቀንቼ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ።

እህትህ

ጥቅምት 3

ለእታለሜ፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። የመኪና መለዋወጫ መጋዘኑ ያው ነው፣ ኮምፒውተሮቹ ይታመማሉ፣ እኔ አስታምማለሁ።

የጠየቅሽኝን አድርጌያለሁ። አምስት መቶው ሺህ ሆኗል። መጨመሩ ቀላል ነው፤ አንዱን ቁጥር ሰርዞ ሌላ መጻፍ ብቻ፣ የተቀመጠው አይነካም፣ ሥራም አይቆምም። ዋጋው ግን እንደ አጨማመሩ ቀላል አይደለምና እንድታውቂው ላስረዳሽ። እኛ የምንከፍለው ላስቀመጥነው ነገር ሳይሆን ለያዝነው ቦታ ነው። ሦስት መቶ ወንበር ያለው አዳራሽ ተከራይተሽ ሠላሳ ሰው ቢመጣ ባለ አዳራሹ ሠላሳውን አይቆጥርልሽም፣ የሦስት መቶውን ይቀበልሻል። ስለዚህ ቦታው እጥፍ ሲሆን ኪራዩም እጥፍ ሆኗል። ያውም ወር እስኪያልቅ አይጠበቅም፣ ቁጥሩን ከቀየርኩበት ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል። ይህን የጻፍኩት ልከስሽ አይደለም።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምታስገቢው ፎቶ ትንንሽ ነበር። ሰሞኑን የገቡት እያንዳንዳቸው የዚያን አሥር እጥፍ ይከብዳሉ። የደንበኞችሽን የሠርግ ቪዲዮ እዚያው እየከተትሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቀየምም። ብቻ ልወቀው።

ስለ ፀጉር ቤቱ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አባባ ስለ እኔ እንዲያ ይላሉ? ለእኔ ብለውኝ አያውቁም። በስልክ የሚጠይቁኝ "አየሩ እንዴት ነው?" ብለው ነው። ብርድ ነው እላለሁ። "ልበስ" ይሉኛል። ያለቀ ወሬ ነው።

ደህና ሁኚልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ተናድጃለሁና።

ጨመርኩ ያልከው የት ነው ያለው? እኔ ዘንድ ዲስኩ አሁንም ሞልቷል። አንድ ፎቶ ላስገባ ስል "ቦታ የለም" ይለኛል። አጥፍቼ አበራሁት፣ ቦታ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ፈትቼ ስካነሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። አባባ ግን በስልክ "ጨምሬያለሁ" ስላልካቸው ብቻ ፀጉር ቤት ሄደው "ልጄ ቦታውን እጥፍ አደረገልኝ" ብለው መጡ። የሌለ ቦታ ተመርቆ አየሁ። እኔ ያለውን ሥራ ሠርቼ አልመሰገን፣ አንተ የሌለውን ጨምረህ ትመሰገናለህ። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት እንደሚገዛ ንገረኝና እኔም ልከራይ።

የሠርግ ቪዲዮ ያልከኝን አልረሳልህም። የሠርግ ቪዲዮዎቼ እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ፎቶዎቹ ለምን እንደከበዱ እኔ አውቃለሁ፣ ስፈልግ እነግርሃለሁ።

አባባ ደህና ናቸው።

እህትህ

ጥቅምት 10

ለእታለሜ፤

በመጀመሪያ ይቅርታሽን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሙሉ በሙሉ።

ቦታው ተጨምሯል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አልነገርኩትም። ቤቱ ላይ አዲስ ክፍል ሠርቼ በር ሳልከፍትለት ቀረሁ ማለት ነው። ዲስኩን ካሳደጉ በኋላ የሚጻፍ አንድ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ረሳሁት። ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላልተከፈተ ክፍል ኪራይ ከፈልን። ዛሬ ከፍቼዋለሁ፣ እይው። ትእዛዙንም ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የማስተዳደሪያ ገጹንም የይለፍ ቃል እሰጥሻለሁ፤ ሌላ ጊዜ እኔን እየጠበቅሽ ሥራ እንዳትፈቺ።

ቅናትሽን በግልጽ ስለጻፍሽልኝ እኔም ልጻፍልሽ። ስንደዋወል ከኋላ ድምፅ ይሰማኛል። አባባ "ነይ እስቲ፣ ይቺን ተመልከቻት፣ ጥላው ከየት እንደመጣ ታያለሽ?" ይሉሻል። አንቺ አይተሽ ትመልሻለሽ፣ ከዚያ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ የሳቃችሁን ምክንያት እጠብቃለሁ። አንቺን ጨለማ ክፍል አስገብተው ፊልም ማጠብ አስተማሩሽ። እኔን አንዴ በሩን ከፍቼ ብርሃን በማስገባት የሰው ሠርግ ፊልም ስላቃጠልኩባቸው ደጃፉን እንዳልረግጥ ከለከሉኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ ሙያቸውን ከሩቅ የማውቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ዲስኩን የተከራየሁት ለአባባ ብቻ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። አንድ ጊዜ እንኳ እጄ በሥራቸው ውስጥ እንዲገባ ብዬ ነው።

ስለ ፎቶዎቹ ክብደት ስትፈልጊ ንገሪኝ። እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 26

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥህ፣ ይህን ስታነብ ያስፈልግሃል። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት ተቀይሜ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ከብዶኝ ነው።

አባባ ደህና ናቸው ያልኩህ ውሸት ነው። ዓይናቸው እየሄደ ነው። ሐኪሟ የተጎዳው የዓይናቸው መሃል ነው አለችን፤ ፊት ለፊት የሚያዩት ነገር መሃሉ ጭጋግ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ ይታያቸዋል። መነጽር አይመልሰውም። ዓመት ቢቆይ ነው አለች፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ፤ ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚባል ነገር አያዩም። ላንተ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። "በሰው አገር ያለ ልጅ አይሸበር" አሉ። እኔ ብሸበር ግድ የለም ማለት ነው።

ፋይሉ የከበደው በዚህ ምክንያት ነው። አባባ ስክሪኑ ፊት ይቀመጡና "አሳድጊው" ይሉኛል። በትንሹ የተገለበጠ ፎቶ ሲያሳድጉት ይፈራርሳል፤ ስለዚህ ኔጌቲቩን አውጥቼ እንደገና በትልቁ እገለብጠዋለሁ። ደግሞ ሌላ ሳምንት "አሁንም አሳድጊው" ይላሉ። ዓይናቸው በጠበበ ቁጥር ፎቶው ይሰፋል።

ከሁሉ የሚብስብኝ አንዷ ፎቶ ናት። እኔ ዘጠኝ አንተ አራት ዓመት ሆነን ያነሱን፣ ከኋላችን ሐይቅና ጀልባ የተሳለበት መጋረጃ ያለው። አንተ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሃል፣ እኔ ከጎንህ ቆሜ እጄን ትከሻህ ላይ አድርጌያለሁ። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ "እሷን ክፈቺልኝ" ይላሉ። አገጫቸውን ወደ ጎን ያዘነብሉና በዓይናቸው ጠርዝ ያዩዋታል፣ ያዩዋታል። አንተን ነዋ። ሌላ ማንን ያያሉ? እኔ እኮ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ መድኃኒታቸውን በእጄ ይዤ እንዲጨርሱ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዞር ብለው አያዩኝም።

አሁን ደግሞ ያደረግኩትን ስማ። ከሐኪም ቤት በተመለስንበት ቀን ክንዴን ተደግፈው እየሄዱ፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ "ልጄ ቦታውን እጥፍ አደረገልኝ" ይሉ ነበር። በእኔ ክንድ ተደግፈው! ሆዴ ባሰ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ አንተ ግን ሆድ ለባሳት እህትህ የይለፍ ቃል አዋስካት። ገጹን ከፈትኩና ሺህ የሚለውን ሰርዤ አራት ሺህ ጻፍኩ። የአዳራሹን ወሬ አላመንኩትም ነበር፤ ቶሎ ቶሎ እንዳልጠይቅህ የፈጠርከው ነገር መሰለኝ። ባዶ ቦታ ምን ያስከፍላል አልኩ። ካስከፈለም መልሰን እንቀንሰዋለን አልኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ሳላነበው እሺ አልኩት። በሩንም በትእዛዝህ ከፈትኩ።

ከዚያ አባባ ፊት ቆሜ "እኔም ጨመርኩልዎት፣ ያውም አራት እጥፍ" አልኳቸው።

ምን አሉኝ መሰለህ? "እሱ ነው ያስተማረሽ?" አሉኝ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ዓይናቸው ሳይጠፋ በፊት አንድ ቀን እኔን እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። ካለፈ አለፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ቦታ የለም።

እህትህ

ታኅሣሥ 2

ለእታለሜ፤

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ተመለስኩ። አባባ ዓይናቸው... እሺ። የእሳቸውን እግዜር ያውቃል። እኔን ግን ብትነግሪኝ ይሻል ነበር። መጥፎ ወሬ መስማትም ከቤተሰብ መቆጠር ነው፤ የመጥፎው ወሬ ድርሻዬን ወስደሽ ብቻሽን በላሽው።

አሁን ስለ ዲስኩ። አልተቆጣሁም ብል ዋሽቼ ነው። ኪራዩ ከጀመርንበት ስምንት እጥፍ ሆኖ መጣ። ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ መጋዘኑ የሥራ ሰዓቴን ከቀነሰው ቆይቷል። አንድ ክፍል ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተጋርቼ ነው የምኖረው። ሰውየው ጥሩ ነው፣ ብቻ ልብሱም ትራሱም እርሾ እርሾ ይላል። አሁን ደመናው ላይ ያለው ቦታ እኔ ከምተኛበት ክፍል በኪራይ ይበልጣል። "ሥራ ደህና ነው" ያልኩሽም ያው እንደ አንቺ "አባባ ደህና ናቸው" ነበር።

ያላነበብሽው ማስጠንቀቂያ የሚለው ይኼን ነው፤ ዲስክ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ወደ ላይ ስትጽፊው ቁጥሩን ይቀበላል፣ ወደ ታች ስትጽፊው እምቢ ይላል። ለማሳነስ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። አዲስ ትንሽ ዲስክ መከራየት፣ የምንፈልገውን ወደዚያ ማጓዝ፣ ከዚያ ትልቁን መሰረዝ። ጓዙ ተጉዞ እስኪያልቅ የሁለቱንም ኪራይ እንከፍላለን፣ ቤት እንደሚቀይር ሰው። ትንሹ ምን ያህል ይሁን ለማለት ደግሞ ውስጡ ያለውን ማየት ነበረብኝና ገባሁ።

እታለሜ፣ ለምንድን ነው ሁሉም ፎቶ ሁለት ሁለት የሆነው? አንዱ ፎልደር "ደንበኛ" ይላል፣ ሌላው "ቤት" ይላል፣ ውስጣቸው ግን አንድ ነው። ልጮህብሽ ስል የአባባ ድምፅ መጣብኝ። "አንዱ ለደንበኛ፣ አንዱ ለቤት። ሁልጊዜ ሁለት።" አንድ ሰው ፊት ሁለቴ ሳይጫኑ ካሜራቸውን አውርደው አያውቁም። አንቺም ሁለቴ አስቀመጥሽ፣ ምን ታድርጊ።

ከዚያ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ። ሳልነግርሽ፣ ያለውን በሙሉ በየሳምንቱ እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። አንድ ነገር ቢጠፋ ሌላው ይኑር ብዬ። ከየት አመጣሁት? ጨለማ ክፍል ካላስገቡኝ ሰው ነዋ። አንቺ እጥፍ ስታደርጊ እኔ እጥፉን እጥፍ አደረግኩ። ማን ይበልጥ ልጃቸው ነው እያልን ስንቀናና ስንካሰስ፣ ሁለታችንም የአንድ አባት ትእዛዝ እየፈጸምን ደመናውን አራት ጊዜ ሞላነው። አልሸሹም ዞር አሉ።

የተደጋገመው ቢወጣ ያለን ሁለት መቶ ሃምሳ ጊጋ ብቻ ነው። ሦስት መቶ ይበቃናል፣ መጀመሪያ ከነበረን እንኳ ያንሳል። ድግግሞሹን ልሰርዘው? ያለ አንቺ ፈቃድ አልነካም፣ በሩን ሳላንኳኳ ከፍቼ ያቃጠልኩት ይበቃኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለዚያች ፎቶ ነው። እኔን እንደሚያዩ በምን አወቅሽ? ጠይቀሻቸዋል? እኔ ብጠይቃቸው ስለ አየሩ ነው የሚያወሩኝ። አንቺ ጠይቂያቸው። እኔን ከሆነ የሚያዩት፣ አንቺ ብትናደጂም እኔ ደስ ይለኛል። ካልሆነም ልወቀው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደ ዳቦ ጋጋሪው ትራስ ሞቆ ይድረስህ። ክፍል መጋራትህን ሳውቅ አፈርኩ፤ አራት ሺህ ስጽፍ በአንተ ትራስ ላይ እየጻፍኩ እንደነበር አላወቅኩም። ድግግሞሹን ሰርዘው። አባባንም አስፈቅጃለሁ። ያደረግነውን ስነግራቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "እኔ ሁለት አልኩ እንጂ አራት መቼ አልኩ?" አሉ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል።

ጥያቄህን ለመጠየቅ ብዙ ቀን ፈራሁ። መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበርና በጆሮዬ መስማት አልፈለግኩም። ትናንት ከምሳ በኋላ እንደተለመደው "እሷን ክፈቺልኝ" አሉ። ከፈትኩ። አሳደግኩ። አዘንብለው ማየት ሲጀምሩ እንደምንም ብዬ ተናገርኩ።

"አባባ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምኑን ነው የሚያዩት? እሱን ነው አይደል?"

"ማንን?"

"ልጅዎን።"

"እሱማ ተበላሽቷል።"

"እንዴት ተበላሸ?"

"ተንቀሳቅሷላ! ፊቱን አታይውም? ወንበሩ ላይ እንደ ቁንጫ ሲዘል ምኑን ልያዝለት? ፊልም አልፈጅም ብዬ ፎከሱን አንቺ እጅ ላይ ጣልኩት። ክፍሉ ውስጥ የማይነቃነቅ ነገር እጅሽ ብቻ ነበር።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። አንተ ጭስ ነህ። እኔም ፊቴ ደብዘዝ ብሏል፤ ሳቄን ይዤ ነበር መሰለኝ። ትከሻህ ላይ ያለው እጄ ግን ጥርት ብሏል፣ የጣቶቼ መታጠፊያ መስመሩ ሳይቀር ይታያል።

"ታዲያ የተበላሸ ፎቶ ለምን ሁልጊዜ ያዩታል?" አልኳቸው።

ቀስ ብለው፣ ለደንበኛ ዋጋ እንደሚናገሩ ያህል ቀለል አድርገው ነገሩኝ። "ዓይኔን የምፈትነው በእሱ ነው። ሌላ ፎቶ ሲደበዝዝብኝ ፎቶው ይሁን ዓይኔ አላውቅም። ያ እጅ ግን ጥርት ብሎ እንደወጣ አውቃለሁ፤ ፊልሙን ያጠብኩት ራሴ ነኝ። ጥፍርሽን ከቆጠርኩ ዓይኔ አለ ማለት ነው።"

"ዛሬ ስንት ቆጠሩ?"

"ሦስት።"

"ትናንትስ?"

"አራት።"

"እጅሽን አምጪው" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው፣ ወደ ዓይናቸው ጠርዝ አምጥተው፣ እያገላበጡ አዩት። በጣም ቆዩ። የኬሚካሉን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ቀን ያገኘሁትን።

"አርጅቷል" አሉ።

"በማን ምክንያት?" አልኳቸው።

"በእኔ ነዋ" አሉና አልለቀቁትም። አንድ ደንበኛ ለመታወቂያ ሊነሳ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ይጠብቅ" አሉ አባባ። አርባ ዓመት ደንበኛ አስጠብቀው የማያውቁ ሰው "ይጠብቅ" አሉ።

ይኸው ነው ወንድሜ። ባልቀና ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንተ ይህን ሳታይ በመቅረትህ አሁን በእኔ ፋንታ አንተ የምትቀና ይመስለኛል፣ እሱም ደስ አይለኝም። ቶሎ ና። ኪራዩ ሲቀንስ የሚተርፈውን ለትኬት አስቀምጠው። ፊትህን በደንብ እንዲያዩት ባልልህም፣ በጠርዝ በኩል የሚበቃ ይታያቸዋል።

እህትህ

ታኅሣሥ 21

ለእታለሜ፤

በሰላም ነሽ? አባባስ? ዛሬ ስንት ቆጠሩ?

ጓዙ ተጉዞ አለቀ። አዲሱ ሦስት መቶ ነው፣ ትልቁን ሰርዤዋለሁ፣ ኪራዩም መጀመሪያ ከምንከፍለው አንሷል። ፕሮግራሜንም አጥፍቻለሁ፤ ሁሉም ነገር አንድ አንድ ብቻ ነው። ያቺን ፎቶ ግን ሁለት ቦታ አስቀምጫታለሁ። አንዷ እዚያው ዲስኩ ላይ፣ አንዷ እዚህ እኔ ጋ። አንዱ ለደንበኛ፣ አንዱ ለቤት።

ለዳቦ ጋጋሪው አሳየሁት። "የቱ ነው አንተ?" አለኝ። ጭሱን አሳየሁት። "እጁስ የማን ነው?" አለኝ። የእህቴ ነው አልኩት። ብዙ አየውና "አጥብቃ ይዛሃለች" አለ። እኔ እስካሁን ፎቶ ለማሳመር ያስቀመጥሽው ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዳልሄድ እየያዝሽኝ ነበር።

ቀናሁብሽ፤ የምጽፍልሽ እውነት ይኼ ነው። ግን እንዲያው ወንበሩ ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ያኔም አልቻልኩበትም፣ በኋላም አልቻልኩበትም። ለትኬቱ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። አባባን ቀስ ብለው እንዲቆጥሩ ንገሪልኝ።

የተንቀሳቀሰው ወንድምሽ